ሳምንት ይሻላል ወይስ ነጥብ? ታይምሼር ለመግዛት ለምታስቡ የጎጃም ልጆች

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ባሕር ዳር ዶፍ ዝናብ ይወርዳል። በዚያ ሰዓት የአሜሪካ ቁጥር ሲታይ መቼም ልብ ይደነግጣል። ታናሽ ወንድሜ ነው።

«እታለም፣ አትደንግጪ፣ ደህና ነን። ቤት ገዛን» አለኝ።

«የት?»

«ፍሎሪዳ። በየዓመቱ አንድ ሳምንት የኛ ነው። ማለቴ... ሳምንት አይደለም፣ ነጥብ ነው።»

ከዚያ ዝም አለ። የገዛው ሳምንት ይሁን ነጥብ እሱም አላወቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከባለቤቱና ከልጆቹ ጋር ኦርላንዶ ለመዝናናት ሄዱ። «90 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ስሙን፣ የመዝናኛ ፓርክ ትኬት በቅናሽ እንሰጣችኋለን» ተባሉ። 90 ደቂቃው ግማሽ ቀን ሆነ። ልጆቹ ራባቸው። አንዱ ሻጭ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ይባላል። ሲወጡ ፈርመው ነበር።

ውሉን በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ወረቀት ማንበብ ነው። እስኪነጋ አነበብኩት። የደረሱበትን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ከቨርጂኒያም ከዳላስም የሚደውልልኝ ዘመድ በዛ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነው፦ «ሳምንት ልግዛ ወይስ ነጥብ?» ለእነሱ በየስልኩ የምለውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት። የኩባንያ ስም አላወዳድርም። የማወዳድረው ሁለቱን የአሠራር ዓይነቶች ነው።

ምንና ምን ናቸው?

ታይምሼር ማለት አንድን የመዝናኛ ማረፊያ ብዙ ሰው በጊዜ ተካፍሎ መጠቀም ነው። የሚገዛው ቤት ሳይሆን በቤቱ ውስጥ የመቆያ ጊዜ ነው።

የቆየው ዓይነት ሳምንት ነው። የአንድ አፓርታማ ዓመት በ52 ሳምንት ይከፈልና አንዱን ትገዛላችሁ። መራዊ አካባቢ መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለማስረዳት አይቸግረውም። የውኃ ተራ አለው። የውኃ አባቱ «ያንተ ማክሰኞ ሌሊት ነው» ካለው ማክሰኞ ሌሊት ፋኖስ ይዞ ቦዩ ዳር ይቆማል። ያን ሌሊት ውኃው የእሱ ነው። ካልመጣ ግን ውኃው አይጠብቀውም፤ ወደሚቀጥለው ማሳ ያልፋል። ቋሚ ሳምንት ልክ እንዲህ ነው። «ተለዋዋጭ» የሚባለው ሳምንት ደግሞ በአንድ ወቅት ውስጥ ካሉት ሳምንቶች በየዓመቱ አንዱን ቀድማችሁ የምትይዙበት ነው። በየዓመቱ ወደፊት እየተገፋ የሚዞርም አለ። በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ የሚደርስም አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ነጥብ ሌላ ነው። በየዓመቱ የተወሰነ ነጥብ ይሰጣችኋል። ነጥቡን ለክፍሉ ስፋት፣ ለወቅቱ፣ ለቀኑና ለቦታው ትከፍሉበታላችሁ። ክረምት ላይ፣ በሐምሌና ነሐሴ፣ ባለ ሁለት መኝታ ብዙ ነጥብ ይበላል። ሰው በማይበዛበት ወር ትንሿ ክፍል በጥቂት ነጥብ ትገኛለች። ሻጮች «አዲሱ ዘመናዊ አሠራር» ሲሉት እሰማለሁ። አዲስ አይደለም። ሃፒማግ የሚባለው የስዊዘርላንድ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁሞ በነጥብ ሲሠራ፣ ባለቤቶችን ሳምንት ለሳምንት የሚያለዋውጠው አርሲአይ የተባለው ድርጅት ገና አልተወለደም ነበር፤ እሱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

በምን እንመዝናቸው?

ከዋጋው አትጀምሩ። ዋጋው አዳራሹ ውስጥ ሦስቴ ይቀየራል። እኔ የምጠይቀው እነዚህን ነው።

አንደኛ፣ የዕረፍት ጊዜያችሁ በእጃችሁ ነው? ዓመቱን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ ወይስ አለቃ ሲፈቅድ ነው የምትወጡት?

ሁለተኛ፣ በእጃችሁ የሚገባው ወረቀት ምንድን ነው? ካርታ አለው ወይስ የመጠቀም መብት ብቻ ነው? የመጠቀም መብት ብቻ ከሆነ እንደ እኛ ከተማ ሊዝ ዘመኑ ሲሞላ ያበቃል። ይህ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። የሚያበቃ ነገር ክፍያውም አብሮ ያበቃል።

ሦስተኛ፣ ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ስንት ነው? ባለፉት አምስት ዓመታት ምን ያህል ጨመረ?

አራተኛ፣ የገዛችሁት ልክ ነገም ያው ነው? ወይስ ሌላ ሰው ሊያሳንሰው ይችላል?

አምስተኛ፣ ስትፈልጉ በምን በር ትወጣላችሁ?

ሳምንት ሲመዘን

የሳምንት ትልቁ ጥንካሬ ልኩ አለመቀየሩ ነው። 7 ሌሊት ዛሬም 7 ሌሊት ነው፣ ከ20 ዓመት በኋላም 7 ሌሊት ነው። ቋሚ ሳምንት ከሆነ ክፍል ለመያዝ ከማንም ጋር አትሽቀዳደሙም። ውሉም አጠር ያለ ነው፤ ሰው አንብቦ ይረዳዋል። እኔ ይህን በጣም አከብራለሁ።

ድካሙም ከዚያው ይመነጫል። ሕይወት ሲቀየር ሳምንቱ አብሮ አይቀየርም።

አንዲት የአክስቴ ልጅ «ፋሲካን በየዓመቱ እዚያ እናሳልፋለን ብለን 16ኛውን ሳምንት ልንገዛ ነው» አለችኝ። ካሌንደር ዘርግተን አብረን ቆጠርን። ሳምንቶቹ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በሚቆጠሩበት ማረፊያ፣ በእኛ አቆጣጠር የ2016ቱ ፋሲካ 18ኛው ሳምንት ላይ ዋለ። የ2017ቱ 16ኛው ላይ። የ2018ቱ 15ኛው ላይ። የ2019ኙ ተመልሶ 18ኛው ላይ ይውላል። ከአራት ዓመት አንዱ ብቻ ይገጥማል ማለት ነው። የእኛ ፋሲካ ሲዞር የፈረንጁ የሳምንት ቁጥር አብሮት አይዞርም።

ገና ግን ሌላ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ላይ ይቆማል። በዚያው አቆጣጠር 1ኛው ሳምንት የሚጀምረው በጃንዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ቅዳሜው 1 ላይ ቢውልም 7 ላይ ቢውልም ገና ከሳምንቱ አይወጣም። ስለዚህ ገናን ከቤተሰብ ጋር አንድ ቦታ ማሳለፍ ለሚፈልግ 1ኛው ሳምንት በየዓመቱ ይሠራል። ችግሩ የፈረንጅ ትምህርት ቤት በዚያ ሳምንት ውስጥ ሊከፈት መቻሉ ነው። የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ካሌንደር ሳታዩ አትወስኑ። የመግቢያው ቀን አርብ ወይም እሑድ የሆነ ማረፊያም ስላለ የራሱን የሳምንት ካሌንደር ጠይቁ።

ሌላ ቦታ መሄድ ሲያምራችሁ ሳምንታችሁን ለአለዋዋጭ ድርጅት ሰጥታችሁ የሌላ ሰው ሳምንት ትወስዳላችሁ። የታወቁት ሁለቱ አርሲአይና ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል ናቸው። አባልነት በየዓመቱ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ልውውጥ ደግሞ ከ200 ዶላር በላይ ይጠየቃል። ምን እንደምታገኙ የሚወስነው የሰጣችሁት ነው። ሰው የሚሻማበትን ሳምንት የሰጠ ጥሩ ያገኛል። ማንም የማይፈልገውን የጥር ብርድ ሳምንት ይዞ በሐምሌ የባሕር ዳርቻ የሚጠብቅ ብዙ ይጠብቃል።

ነጥብ ሲመዘን

ነጥብ ለቤተሰብ ምቹ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። 7 ሌሊት ሙሉ መቆየት ግዴታ አይደለም። ሦስት ሌሊት እዚህ፣ አራት ሌሊት እዚያ መከፋፈል ይቻላል። እናት ከመራዊ ልጆቿን ልትጠይቅ ስትሄድ ሰፋ ያለ ክፍል መያዝ ይቻላል። በብዙዎቹ ፕሮግራሞች የዘንድሮን ነጥብ ለከርሞ ማስተላለፍ፣ ወይም የከርሞን ለዘንድሮ መበደር ይፈቀዳል። ጊዜ ገደብ ስላለው ግን ሳታስተላልፉት ዓመቱ ካለቀ ነጥቡ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። ነጥብ ራሱ ምንም አይደለም። ዋጋ የሚሰጠው፣ የትኛው ሌሊት ስንት ነጥብ እንደሚጠይቅ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን የሚያወጣው ደግሞ ኩባንያው ነው።

ገበያ ላይ እህል ሲሰፈር አይታችሁ ይሆናል። የያዛችሁት ብር ያው ብር ነው፤ የሚሰፈርላችሁ ግን በነጋዴው ቁና ነው። ነጥብም እንደዚያ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ሳምንት የሚያስይዘው ነጥብ ሠንጠረዡ ሲቀየር ስድስት ሌሊት ብቻ ሊያስይዝ ይችላል። በወንድሜ ውል ውስጥ በደቃቅ ጽሑፍ የተቀመጠው አንቀጽ ይህንኑ ይላል፤ ኩባንያው ሠንጠረዡን «በየጊዜው ሊያሻሽል» ይችላል። ያን መስመር ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ። ክፍያው በየዓመቱ እንደሚጨምር አንድ ቦታ ተጽፏል፤ ልኩ ሊቀንስ እንደሚችል ሌላ ቦታ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያሳየው ሰው አልነበረም።

ሁሉም የነጥብ ፕሮግራም ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከአንድ የተወሰነ ማረፊያ ካርታ ጋር የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው የዲዝኒ ፕሮግራም ለምሳሌ የሚሸጠው ነጥብ ከአንድ ማረፊያ ድርሻ ጋር የተያያዘና የማብቂያ ዓመት ያለው ነው። የቀናቱን ነጥብ ሊያሸጋሽጉ ይችላሉ፤ የአንድን ማረፊያ ጠቅላላ የዓመት ነጥብ ግን እንዳሻቸው አይጨምሩም። አንድ ቀን ከፍ ካለ ሌላ ቀን ዝቅ ማለት አለበት። ይህ ዓይነት ማሰሪያ ያለው ውል ከሌለው በብዙ ይሻላል። የማሰሪያው አንቀጽ የት እንዳለ ሻጩ በጣቱ ያሳያችሁ።

ሁለተኛው ነገር ሽሚያው ነው። ነጥብ መያዝ ክፍል መያዝ አይደለም። እዚያው የዲዝኒ ፕሮግራም ውስጥ በገዛችሁበት ማረፊያ 11 ወር ቀድማችሁ፣ በሌሎቹ 7 ወር ቀድማችሁ መያዝ ትችላላችሁ። ለሕዝብ በዓላትና ትምህርት ቤት ለሚዘጋባቸው ሳምንታት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። «ነጥብ ነፃነት ነው» የሚባለው ለሚያቅድ ሰው ነው። በመጨረሻ ሰዓት የሚነሳ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ነው።

ሦስተኛ፣ ነጥብ የገዛ ሰው ተጨማሪ እንዲገዛ ይጎተጎታል። በሄደ ቁጥር «የአባላት ማብራሪያ» ይባላል፤ ነገር ግን ያው የሽያጭ ስብሰባ ነው።

ለሁለቱም የጋራ የሆነው፦ ክፍያው

አሜሪካ ውስጥ ከኩባንያው በቀጥታ ሲገዛ አማካይ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ዓመታዊው የጥገና ክፍያም በአማካይ ከ1 ሺህ ዶላር አልፏል። አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ። መግዣው 20,000፣ የዓመት ክፍያው 1,000 ይሁን፣ ክፍያው በየዓመቱ 4 በመቶ ይጨምር። በ10 ዓመት የጥገናው ብቻ ወደ 12,000 ይጠጋል። ድምሩ 32,000 ነው። ለ70 ሌሊት ሲካፈል በሌሊት 457 ዶላር ይሆናል። ከኩባንያው የተወሰደ ብድር ካለበት ወለዱ ገና አልተቆጠረም። እሱም ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በላይ ነው።

ያንኑ ሳምንት ከሌላ ባለቤት በ1,000 ዶላር ብትገዙት ድምሩ 13,000 አካባቢ ይሆናል፤ በሌሊት 186 ዶላር። ይህ ህልም አይደለም። ከነጭራሹ በ1 ዶላር የሚሸጡ ሳምንቶች ኢንተርኔት ላይ ይለጠፋሉ፤ ባለቤቱ ከዓመታዊ ክፍያው መገላገል ስለሚፈልግ ነው። ያ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፤ ነገ እናንተም ስትሸጡ የሚጠብቃችሁ ዋጋ እሱ ነው።

የሁለተኛ እጅ ግዢ ለሳምንት ይበልጥ ይመቻል፤ የገዛችሁት ያው ሳምንት ነው። በነጥብ ግን ብዙ ኩባንያዎች ከሌላ ሰው ለገዛ ሰው አንዳንድ መብቶችን ይከለክላሉ። የትኛው እንደሚቀር ሳታውቁ አትክፈሉ።

ስለ ውርስም አንድ ነገር ልበል። «ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት» ሲባል የጎጃም ሰው ልቡ ቶሎ ይረታል፤ ርስት የሚለው ቃል አጥንታችን ውስጥ አለ። ርስት ግን ይታረሳል፣ ያበላል። ታይምሼር የሚያወርሰው ደረሰኝ ነው። ማረፊያው ጣሪያ ሲቀየርለት ወይም ማዕበል ሲመታው ልዩ መዋጮም ይመጣል። ወራሽ በጊዜው በጽሑፍ «አልቀበልም» ማለት እንደሚችል ልጆቻችሁ ይወቁ።

ጠቅለል ያለው ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ቋሚ ሳምንት | ተለዋዋጭ ሳምንት | ነጥብ |
|---|---|---|---|
| የጊዜ ምርጫ | የለም፤ ቀኑ ታውቋል | በወቅቱ ውስጥ፣ ቀድሞ ለያዘ | ሰፊ፣ ቀድሞ ላቀደ |
| የሌሊት ብዛት | 7 | 7 | መከፋፈል ይቻላል |
| ልኩ ሊያንስ ይችላል? | አይችልም | የሌሊቱ ቁጥር አይቀንስም | አዎ፣ ሠንጠረዡ ሲቀየር |
| ለከርሞ ማስተላለፍ | ለአለዋዋጭ በመስጠት | ለአለዋዋጭ በመስጠት | ብዙ ጊዜ ይቻላል |
| ውሉን መረዳት | ቀላል | መካከለኛ | ከባድ |
| በሁለተኛ እጅ መግዛት | ርካሽ፣ ያው መብት | ርካሽ፣ ያው መብት | ርካሽ፣ መብት ሊጎድል ይችላል |
| ዓመታዊ ክፍያ | አለ፣ ይጨምራል | አለ፣ ይጨምራል | አለ፣ ይጨምራል |

ለማን የቱ?

አስተማሪ ከሆናችሁ፣ ወይም ዕረፍታችሁ ከልጆች ትምህርት ቤት ጋር የታሰረ ከሆነና አንድ የምትወዱት ቦታ ካለ፣ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ቋሚ የክረምት ሳምንት ጥሩ ነው። ዋጋው ከሌላው ሳምንት ቢወደድም የሚወደድበት ምክንያት አለው።

የጭነት መኪና የምትነዱ፣ ሆስፒታል በፈረቃ የምትሠሩ፣ ጊዜያችሁ በየወሩ የሚለዋወጥ ከሆነ ቋሚ ሳምንት አትንኩ። ነጥብ ይሻላችኋል፤ ነገር ግን ከማረፊያ ጋር የታሰረውን፣ ትንሹን ጥቅል፣ ያለ ብድር።

በየሁለት ዓመቱ አገር ቤት የምትመጡ ብዙ ናችሁ። የአንዱ ዓመት ዕረፍት በአውሮፕላን ትኬት፣ በእናት ቤትና በሰርግ ያልቃል። በዚያ ዓመት ሳምንቱ እንደ ውኃ ተራው ያልፋችኋል፤ ክፍያው ግን አያልፋችሁም። ለእናንተ በሁለት ዓመት አንዴ የሚደርሰው ሳምንት አለ፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ለሆነ ዓመት ወይም ለሁለት ለሚካፈል ዓመት ይሸጣል። ከማትመጡበት ዓመት ጋር አስማሙት።

ገና ብድር ያለባችሁ፣ ወይም እናት ቤት ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ ሁለቱም ይቆይ። ባለቤቶች ሳምንታቸውንም ነጥባቸውንም ያከራያሉ፣ ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ከሚጠይቀው በታች። አንድ ሁለት ዓመት ተከራይታችሁ እዩት።

ደብረ ማርቆስ፣ ዳንግላ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ባሕር ዳር ለምትኖሩና ልጅ ከውጭ «በስማችሁ ልግዛላችሁ» ለሚላችሁ፦ ምስጋናችሁን አቅርቡና እምቢ በሉ። ክፍያው በዶላር ነው፣ ቪዛው በየዓመቱ አይገኝም።

ከፈረማችሁስ?

ፍጠኑ። ሕጉ የመሰረዣ ቀን ይሰጣል። የሚቆጠረው በምትኖሩበት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በገዛችሁበት ግዛት ሕግ ነው። ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ካሊፎርኒያና ቨርጂኒያ 7 ቀን፣ ኔቫዳ 5 ቀን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ይሰጣሉ። በስልክ መናገር አይበቃም። ውሉ በሚለው አድራሻ በጽሑፍ፣ በሪኮማንዴ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። «ቆይ ተመልሰን እንነጋገር» ቢሏችሁ መጀመሪያ ላኩ፣ ከዚያ ተነጋገሩ።

ቀኑ ካለፈ ማረፊያውን ራሱን መልሶ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ደውሎ «ገዢ አግኝተናል፣ የማስተላለፊያ ክፍያ ቅድሚያ ላኩ» ለሚል ሰው ምንም አትላኩ። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2023 በዚህ ማጭበርበር ከአንድ የሜክሲኮ የወንጀል ቡድን ጋር የተያያዙ ኩባንያዎች ላይ ማዕቀብ ጥሏል። የሚጎዱት አብዛኛው ጊዜ አረጋውያን ባለቤቶች ናቸው።

ወንድሜ ደብዳቤውን የላከው በአራተኛው ቀን ነው። ገንዘቡ ተመለሰ። ዘንድሮ ሚስቱ በሁለት ዓመት አንዴ የሚደርስ የሐምሌ ሳምንት ከአንድ ባለቤት ላይ አግኝታለች፣ ወደ አገር ቤት በማይመጡበት ዓመት የሚውል። ያለፉትን አምስት ዓመታት የክፍያ ደረሰኝና የባለቤቶች ማኅበሩን የመጠባበቂያ ሂሳብ እንዲያስልኩ ነገርኳቸው። የሦስቱ ዓመት ደረሰኝ ደርሶኛል። ሁለቱ እስኪመጣ ብር አይወጣም ብለናል።